የቅንጣት ምስል ፍጥነት ልኬት

የቅንጣት ምስል ፍጥነት ልኬት (በአጭሩ ፒ.አይ.ቪ.) ከፈሳሽ ወይም ከጋዝ ጋር አብረው የሚጓዙ ጥቃቅን ቅንጣቶችን ፎቶ በማንሳት የፍሰቱን ፍጥነትና አቅጣጫ የሚለካ ዘዴ ነው። ፍሰቱ ውስጥ የሚገባ መለኪያ ራሱ ፍሰቱን ይረብሻል፤ የሚለካውም አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ይህ ዘዴ ግን ብዙ ነጥቦችን በአንድ ጊዜ ያሳያል።

አሠራር

መጀመሪያ ቅንጣቶች ይበተናሉ፦ በውሃ ውስጥ ብዙ ጊዜ 10 ማይክሮሜትር ገደማ የሆኑ የብርጭቆ እንክብሎች፣ በአየር ውስጥ 1 ማይክሮሜትር ገደማ የሆኑ የዘይት ጠብታዎች። እንደ ወረቀት የሳሳ የሌዘር ብርሃን ሁለት ጊዜ ብልጭ ሲል ካሜራ ሁለት ፎቶ ያነሳል። ኮምፒዩተር ምስሎቹን ወደ ትናንሽ ካሬዎች ከፍሎ፣ በመጀመሪያው ምስል የነበሩት ነጠብጣቦች በሁለተኛው የት እንደደረሱ ይፈልጋል። ርቀቱ ለጊዜው ሲካፈል ፍጥነቱ ይገኛል። ለምሳሌ ነጠብጣቦቹ በ1 ሚሊሰከንድ 8 ፒክስል ቢጓዙና 1 ፒክስል 0.1 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.8 ሜትር ነው።

የስህተት ምንጮች

በቀጥታ የሚለካው የቅንጣቱ ፍጥነት እንጂ የፈሳሹ አይደለም። ከባድ ቅንጣት ፍሰቱ በድንገት ሲታጠፍ አብሮት አይታጠፍም፤ ውጤቱም ሐሰተኛ ይሆናል። በፎቶዎቹ መካከል ያለው ጊዜ ከረዘመ ቅንጣቶቹ ከብርሃኑ ይወጣሉ፤ ካጠረ ደግሞ ርቀቱ ለመለካት ያንሳል።

ታሪክና ጥቅም

ጀርመናዊው ሉድቪግ ፕራንትል በ1904 እ.ኤ.አ. ገደማ የሚካ ብናኝ ውሃ ላይ በትኖ ፍሰትን በዓይን አጥንቷል። «የቅንጣት ምስል ፍጥነት ልኬት» የሚለው ስያሜ የመጣው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ዘዴው ዛሬ የአውሮፕላን ክንፍንና ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭን ለመፈተሽ ያገለግላል። ቫልቭ ውስጥ ኃይለኛ ፍሰት የደም ሕዋሳትን ሊጎዳ፣ የረጋ ፍሰትም ደም ሊያረጋ ስለሚችል፣ አደገኛውን ቦታ ቫልቩ ሰው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ለማየት ይረዳል።