ብቻውን ማኅበር የሆነ ሰው

ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ለውጭ አገር ደንበኛ ድረ ገጽ የሚሠራ ወጣት፣ ክፍያው ፔዮኒር በተባለው የክፍያ አገልግሎት በኩል ባንክ እስከገባለት ድረስ ስለ ንግድ ፈቃድ ብዙም አይጨነቅም። ጭንቀቱ የሚመጣው ደንበኛው ውልና ደረሰኝ የጠየቀ ዕለት ነው። ያኔ ውሉን የሚፈርመው በምን ስም ነው?

ዱሮ ምርጫው ጠባብ ነበር። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት አባል ይፈልግ ስለነበር፣ ሰው ሚስቱን ወይም ወንድሙን ጥቂት ድርሻ አስይዞ ለወጉ ያህል ያስፈርም ነበር። ትዳሩ ሲፈርስ ወይም ውርስ ሲነሳ ያቺ ለይስሙላ የተሰጠች ድርሻ ፍርድ ቤት ታቆማለች። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 ግን ባለ አንድ አባል ማኅበርን ፈቀደ።

ጥቅሙ የሚታየው ነገር ሲበላሽ ነው። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ቀን የተቆረጠለት ሥራ ይዞ የነበረ ሰው በዚያ መሀል ቢዘገይና ደንበኛው ካሳ ቢጠይቅስ? ኢንተርኔት መጥፋቱ ከአቅም በላይ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ከተረታ ግን በግለሰብ ነጋዴነት የፈረመ ሰው ዕዳው ቤቱና የግል ንብረቱ ድረስ ይመጣበታል። ማኅበሩ ፈርሞ ቢሆን ዕዳው በማኅበሩ ሀብት ላይ ይቆማል። ይህ የሚሠራው ባለቤቱ የግልና የማኅበሩን ገንዘብ ከለየ ነው። የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ከማኅበሩ ሂሳብ የሚከፍል ሰው አጥሩን በራሱ እጅ ያፈርሳል።

ይሁንና ለጀማሪ አልመክርም። ማኅበር ገቢው ምንም ያህል ቢያንስ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ነው፤ የሂሳብ መዝገብ መያዝ አለበት፣ ያም የሂሳብ ባለሙያ ደመወዝ ማለት ነው። ከትርፉም 30 በመቶ ይከፍላል፣ ባለቤቱ የቀረውን ወደ ኪሱ ሲያወጣ ደግሞ የትርፍ ድርሻ ግብር ይከተለዋል። የግለሰብ ነጋዴ ግብር ግን ከዝቅተኛው እርከን ተነስቶ እስከ 35 በመቶ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ ትንሽ ለሚያገኝ ቀለል ይላል። አነስተኛ ሥራ ለሚሠራ በራሱ ስም ፈቃድ ማውጣቱ ይበቃዋል። ትልቅ ውል ሲመጣ ማኅበር ያቋቁማል።

ሁለት ጓደኛሞች ከሆኑ ወደ ኅብረት ሽርክና ማኅበር ከመግባታቸው በፊት ደግመው ያስቡ፤ እዚያ አንዱ የማኅበሩን ዕዳ ሙሉ በሙሉ ሊጠየቅ ይችላል።

ባለ አንድ አባል ማኅበር የሚመሠርት ሰው ቢሞት ወይም ችሎታ ቢያጣ ሥራውን የሚረከብ ሰው መሰየም አለበት። እናቱን ወይም ታላቅ ወንድሙን ሊጽፍ ያምረዋል፤ የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሰው ቢጽፍ ይሻላል።