ኢምፕላንት ካልሆነስ? ለጎደለ ጥርስ ያሉት ሌሎች መንገዶች፣ ጁባ ላይ ሆኖ ሲታሰቡ

ጁባ የከረመ ሐበሻ ሁሉ ያስተዋለው ነገር አለ። ኮኞ ኮኞ ገበያ ሽንኩርት የሚመዝንላችሁ ወይም ቢሮ ውስጥ ማኅተም የሚመታላችሁ ጎልማሳ ፈገግ ሲል የታችኛው የፊት ጥርሱ የለም። የጎደለው አንድ ሁለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አራት ወይም ስድስት ነው። አደጋም ጥፊም አላወለቀውም። በዲንካና በኑዌር ዘንድ የታችኛውን የፊት ጥርስ በልጅነት መንቀል የቆየ ልማድ ነው። ለምን ብላችሁ ስትጠይቁ አንዱ ለውበት ይላችኋል፣ ሌላው ከልጅነት መውጫ ነው ይላል። መንጋጋ ቆልፍ የያዘው ሰው አፉ አልከፈት ሲል ወተት የሚንቆረቆርበት ቀዳዳ እንዲኖር ነው የሚልም አለ።

ለመገረም አንቸኩል። ድዳቸውን በመርፌ አስወግተው ያጠቆሩ እናቶች ያሳደጉን፣ ፍንጭት ላላት ልጅ የዘፈን ግጥም የምንደረድር፣ ሕፃን ባስቀመጠው ቁጥር የወተት ጥርስ የምናስነቅል ሰዎች ነን።

ሕጉ ግን ዛሬ አይፈቅድም። የደቡብ ሱዳን ነፃነት በ2011 ከመታወጁ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በ2008 የወጣው የሕፃናት ሕግ (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ጥርስ መንቀልን ከግዳጅ ግርዛትና ከሰውነት መተልተል ጋር በስም ጠርቶ ልጆች እንዲጠበቁ ያዛል። ከዚያ በፊት የተነቀለባቸው ግን ዛሬ ሠላሳና አርባ ዓመት የሞላቸው ናቸው፤ ከመካከላቸው ጥርሳቸውን መልሰው የሚፈልጉም አሉ። በ1987 ገደማ ከዚሁ አገር ጦርነት ሸሽተው በእግራቸው ጋምቤላ የገቡት፣ ፑኝዶ ካምፕ ያደጉት፣ በ1991 ዳግም የተሰደዱትና በመጨረሻ ወደ 3,800 የሚሆኑት ከኬንያ ካኩማ ወደ አሜሪካ የተወሰዱት ልጆች ታሪክ ይታወቃል። በኔብራስካ የሰፈሩ ዲንካዎችና ኑዌሮች ይህንኑ ክፍተት ለማስሞላት ሐኪም ዘንድ መሄዳቸውን የዚያው ግዛት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2000ዎቹ ተከታትለው ጽፈዋል።

ያም ሆነ ይህ፣ ጥርስ የጎደለው ዲንካው ብቻ አይደለም። እኔም ጎድሎኛል፤ የታችኛው ቀኝ መንጋጋ ጥርሴ ከተነቀለ ስምንት ዓመቱ ነው። ስድስት ዓመት ሲሞላን የሚበቅለው፣ ወላጅ የወተት ጥርስ መስሎት ችላ የሚለው፣ ብዙ ሰውም ቀድሞ የሚያጣው እሱ ነው።

በቅድሚያ አንድ የቃል ችግር እንፍታ። አማርኛችን «ጥርስ አስተከልኩ» ሲል ብሎኑንም፣ ድልድዩንም፣ ማታ ማታ ብርጭቆ ውስጥ የሚያድረውንም በአንድ ያጠቃልላል። ስለዚህ ጓደኛ «በርካሽ አስተከልኩ» ካለ የትኛውን ብሎ መጠየቅ ነው። ኢምፕላንት የሚባለው አጥንት ውስጥ የሚቀበር የታይታኒየም ብሎን ነው። ብሎኑ ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሐድ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይጠበቃል፤ ጥርሱ ከዚያ በኋላ ይጫንበታል። በቂ አጥንት ይፈልጋል፤ ስኳራቸው ያልተስተካከለና ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ላይ የመክሸፍ ዕድሉ ከፍ ይላል። ለጥርሱ አዲስ አበባ፣ ካምፓላ ወይም ናይሮቢ የሚመላለስ የጁባ ነዋሪ ደግሞ በብሎኑ ዋጋ ላይ የሁለትና የሦስት ጉዞ ቲኬት ይደምርበታል። ጥሩ ሕክምና መሆኑን አልክድም። ብቸኛው ግን አይደለም።

ከሌሎቹ መንገዶች ሐኪም እምብዛም የማያነሳው መተው ነው። ሁሉም ክፍተት መሞላት የለበትም። ካይዘር የሚባል ሆላንዳዊ የጥርስ ሐኪም በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንዳሳየው፣ የፊት ጥርሶቹና ከክራንቻ ቀጥለው ያሉት ትናንሽ መንጋጋዎች የተሟሉለት ሰው የኋላዎቹ ባይኖሩም ደህና አድርጎ ያኝካል። ባለሙያዎች 20 ጤነኛ ጥርስ ያለው አፍ በቂ ነው የሚሉትም በዚሁ መንፈስ ነው። መተውም ዋጋ አለው፦ ከላይ ያለው ጥርስ ገጣሚ ሲያጣ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ጎረቤቱም ወደ ክፍተቱ ያዘነብላል። የእኔ የላይኛው በስምንት ዓመት የሩዝ ፍሬ ታህል ወርዷል። ከዚህ በላይ እንዳይወርድ በየዓመቱ ይታያል፤ ሌላ ምንም አላደረግሁም።

ጉድለቱ ከፊት ከሆነ መተው ለብዙ ሰው አማራጭ አይሆንም። እዚህ ላይ ድልድይ ይመጣል። የተለመደው ድልድይ እንዲህ ይሠራል፦ ከክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ጥርሶች ተሞርደው ጉቶ ይሆናሉ፣ ሦስት ጥርስ አንድ ላይ የተያያዘ ሸክላ ይወጣል፣ ሁለቱ ጫፎች ጉቶዎቹን እንደ ቆብ ይለብሷቸዋል፣ መሐከለኛው በጎደለው ቦታ ላይ ይንጠለጠላል። አይወልቅም፣ ማታም አብሮ ያድራል። ጥናቶች ሲደመሩ ከአሥር ድልድይ ዘጠኝ ያህሉ 10 ዓመት ይደርሳሉ። የሚከፈለው መሥዋዕት ሞረዱ ላይ ነው። ለሙሉ ቆብ ሲሞረድ ከድድ በላይ ከሚታየው የጥርሱ አካል ከግማሽ በላይ ይሄዳል፤ የሄደውም አይመለስም። ጎረቤቶቹ ቀድሞውንም የተሞሉና የተሸረፉ ከሆኑ ድልድዩ ይጠግናቸዋል። ነጭ፣ አንድም ቀዳዳ የሌለባቸው ከሆኑ ግን አንድ የሞተ ጥርስ ለመተካት ሁለት ጤነኛ ማቁሰል ነው፤ እኔ በበኩሌ አላደርገውም።

ጎረቤት ጥርሶቹ ጤነኛ ለሆኑለት ሰው የተበጀ፣ ብዙዎች ስሙን እንኳ ያልሰሙት ድልድይ አለ። ከሞረድ ይልቅ በማጣበቂያ ይያዛል። ሐሳቡን በ1970ዎቹ ሮሼት የተባለ ፈረንሳዊ ጀመረው፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አሻሽለውት የሜሪላንድ ድልድይ ተባለ። አዎ፣ ያቺው ሐበሻ የሞላባት ሜሪላንድ ናት። ተተኪው ጥርስ ከጀርባው ስስ የብረት ወይም የዚርኮኒያ ክንፍ ያወጣል፤ ክንፉ በጎረቤቱ ጥርስ ጀርባ፣ ምላስ በምትነካው በኩል ይለጠፋል። ጎረቤቱ ቢሞረድ እንኳ ጥቂት ነው። ድሮ በሁለት ክንፍ ግራና ቀኝ ይያዝ ነበር። ሲታይ ግን ባለ አንድ ክንፉ ከፊት ላይ የተሻለ ይቆያል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሁለት ጥርሶች ስናኝክ ለየብቻቸው ይወዛወዛሉ፣ አንዱ ክንፍ ሳይታወቅ ይላቀቃል፣ ድልድዩ በሌላው ተይዞ ይቆያል፣ በተላቀቀው ሥር ምግብ ገብቶ ጥርሱን ይበላዋል። ባለ አንድ ክንፉ ከተላቀቀ ግን እጃችሁ ላይ ይወድቃል፤ ወስዳችሁ መልሶ ማስለጠፍ ነው። አንድ የፊት ጥርስ የጎደለው ወጣት ሐኪሙን ስለ ሞረድ ከማውራቱ በፊት ስለዚህ ይጠይቀው። አጥንት የሚቆረጥምበት መንጋጋ ላይ ግን አያዋጣም።

አሁን ወደሚወልቀው እንምጣ። የሚወልቅ ጥርስ ስሙ የጠፋ ነው፤ የሽማግሌ፣ የድኻ፣ ሠርግ ቤት ሲስቁ የሚወድቅ ተደርጎ ይቀለድበታል። ጁባ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን ብዙ ጊዜ ከሁሉም ብልህ ምርጫ ሆኖ አገኘዋለሁ። ጎረቤት ጥርስ አይሞረድም፣ ሥራው በጥቂት ቀጠሮ ያልቃል፣ ሌላ ጥርስ ሲነቀል በላዩ ይጨመራል፣ ሲሰነጠቅም አንድ የጥርስ ላብራቶሪ አክሪሊክ ቀላቅሎ በዚያው ቀን ሊጠግነው ይችላል።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው፤ ደንበኛው ድምፅ የሚኖረው አንድ ቦታ ላይ ነውና። መጀመሪያ ልክ ይወሰዳል፦ ሊጥ የመሰለ ነገር የሞላበት ሳህን አፍ ውስጥ ገብቶ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆያል፤ በአፍንጫ መተንፈስና አንገትን ደፋ ማድረግ ማስመለስን ያስታግሣል። በልኩ ውስጥ ጄሶ ይፈስሳል፣ የአፋችሁ ቅጂ ይወጣል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ጥርሶቹ በቀይ ሰም ላይ ተሰክተው አፋችሁ ውስጥ ይሞከራሉ። የመናገሪያው ሰዓት ይህ ነው። መስታወት ይዛችሁ መስኮት አጠገብ ቁሙ፣ ቀለሙን በቀን ብርሃን እዩ፣ «ስድሳ ስድስት» በሉ፤ ዓረብኛ ተናጋሪው «ሲታ ወ ሲቲን» ይበል። ፉጨት ካለ ወይም ጥርስ ከጥርስ ከተጋጨ ሰም ነውና እዚያው ይነቀነቃል። «ይሁን፣ ይለመዳል» ብላችሁ ከወጣችሁ ሰሙ አክሪሊክ ሆኖ ይመለሳል፤ ያኔ ማስተካከሉ ሞረድ ነው።

የሚወልቀው ጥርስ ሦስት ዓይነት አለው። በጣም የተለመደውና ርካሹ የአክሪሊኩ ነው፤ ወፈር ይላል፣ ከወደቀ ይሰበራል፣ ግን ይጠገናል። ሁለተኛው ከክሮም ኮባልት ብረት የተሠራ ነው፦ ቀጭን፣ ጠንካራ፣ በቀሩት ጥርሶች ላይ ስለሚያርፍ ድዱን ብዙም አይጫንም። አቅም ካለ እኔ የምመክረው ይህን ነው። ሦስተኛው እንደ ፕላስቲክ የሚተጣጠፈው ነው። ብረት አይታይበትም፣ ስለ መልኩ ሁሉም ይወደዋል። ሲላላ ወይም ሲሰነጠቅ ግን መጠገኑ አስቸጋሪ ነው፤ ቅርብ ላብራቶሪ ለሌለው ሰው ደግሞ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ ዲንካውና ኑዌሩ ስድስት ጥርስ ልመለስ። ኢምፕላንት አይሆንም ከተባለ ቋሚ ድልድይ ይሠራልኝ ለሚል ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ የሚያስደስት አይደለም። ክራንቻዎቹም አብረው ስለሄዱ ድልድዩ ከአንዱ ትንሽ መንጋጋ ተነስቶ፣ የአገጭን ቅስት ዞሮ፣ ሌላኛው ላይ ማረፍ አለበት፤ ስድስት ጥርስ ለእነሱ ከባድ ሸክም ነው። ጥርስ ከተነቀለ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ የአጥንቱ ስፋት በግማሽ ያህል ሊቀንስ ይችላል፤ በልጅነት ተነቅሎ ሠላሳ ዓመት የቆየ ቦታ ደግሞ ቢላ የመሰለ ስስ ጠርዝ ሊሆን ይችላል። የላይኞቹም ከታች የሚገታቸው ስለሌለ ወደ ፊት የሚያገጡበት ወይም የሚወርዱበት ጊዜ አለ። በክሮም ኮባልት ላይ የተሠራ የሚወልቅ ጥርስ ይህን ሁሉ ያስታርቃል፦ ድድ መሳዩ አክሪሊክ የጎደለውን አጥንት ይሞላል፣ ከንፈርን ይደግፋል። ለባለቤቱም ሌላ ጥቅም አለው። ሲፈልግ ያደርገዋል፤ ቀዬው ሲመለስ እንደ አባቶቹ ሆኖ መታየት ከፈለገ አውልቆ ኪሱ ይከተዋል።

ሁሉም ጥርስ ለጠፋበት ሰው ሙሉው ይሠራል። የላይኛው ላንቃን ሸፍኖ በአየር ስለሚጣበቅ ይቆማል፤ የታችኛው ግን ጠባብ የፈረስ ኮቴ ላይ ተቀምጦ በምላስ ስለሚገፋ ለባለቤቱ ትግል ነው። ስለዚህ የታችኞቹ ሊነቀሉ ሲሉ አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ የሁለቱ ክራንቻዎች ሥር ሊተርፍ ይችላል? ደህና ከሆነ ጥርሱ ከድድ እኩል ተቆርጦ፣ ሥሩ ታክሞ ይቀራል፤ የሚወልቀው በላዩ ያርፋል፣ አጥንቱም ቶሎ አይሟሟም።

አያያዙ ላይ የጁባ ሙቀት የራሱ ነገር አለው። አክሪሊክ ውሃ ጠጥቶ የሚኖር ነገር ነው፤ አውልቃችሁ መስኮት ላይ ብታሰጡት ይደርቃል፣ ቅርጹን ይለውጣል። በንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ይደር። የፈላ ውሃ ያጣምመዋል። በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ይታጠብ፤ የጥርስ ሳሙና ይፍቀዋል። ሲሰበር በሱፐር ግሉ መለጠፍ ብልህነት ይመስላል፤ ሐኪሙ ግን ስባሪውን በትክክል መግጠም ያቅተዋል። ማታ ይውለቅ፦ ድድ ካልተነፈሰ ፈንገስ ያወጣል፤ ጃፓን ውስጥ በአማካይ 88 ዓመት ገደማ በሆናቸው አረጋውያን ላይ ተሠርቶ በ2015 የታተመ ጥናት ደግሞ ጥርሳቸውን አድርገው የሚተኙት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው ከሁለት እጥፍ በላይ መሆኑን አግኝቷል።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ ከሐኪሙ ቤት ከመውጣታችሁ በፊት የጥርሱን ቀለም ቁጥር፣ የብረቱን ዓይነትና የመጨረሻውን ራጅ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የሠራው አዲስ አበባ ነው፤ ጁባ ላይ ሲሰበር የሚጠግነው ሌላ ሰው ነው።