ምግብ እምቢ የሚል ሕፃን፦ በማስገደድ ፋንታ ምክንያቱን መለየት

«ልጄ አልበላ አለኝ» የሚል አቤቱታ በሕፃናት ክፍል ዘወትር ይሰማል። በ2015 ዓ.ም. በተዋቀረው የሸገር ከተማ ሥር በምትገኘው ፉሪም ሆነ በሌላ ስፍራ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ፣ ከምክር በፊት የሚቀድመው ምክንያቱን መለየት ነው።

ከ1 ዓመት በኋላ የእድገት ፍጥነት ስለሚቀንስ የምግብ ፍላጎትም ይቀንሳል። ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜም አዲስ ምግብን መፍራት የተለመደ ነው። ክብደቱ በአግባቡ የሚጨምርና እንደ ልቡ የሚጫወት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት አያሻውም። በአንጻሩ፦

- ሲውጥ ትን የሚለው ወይም የሚያስለው፣
- ደጋግሞ የሚያስመልሰው፣
- የገረጣ ወይም ክብደቱ የቀነሰ፣
- ጠጣር ምግብ ፈጽሞ የማይቀበል ልጅ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወር ሆኖ የክንዱ ዙሪያ ልኬት ከ11.5 ሴ.ሜ. በታች የሆነ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ያበጡ ልጅ የከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ሕክምና ሳይዘገይ ሊጀመርለት ይገባል።

ልጅን አጋድሞ አጥሚት በግድ ማንቆርቆር ምግቡን ወደ ሳንባ ሊያስገባ ይችላል፤ በልጁም ላይ የመብል ፍርሃት ያሳድራል። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ቢሆንም ልጁ ፊቱን ሲያዞር መቆም አለበት።

ልምምዱ ደረጃ በደረጃ ይሰጣል። የምግቡን ዓይነትና ሰዓት ወላጅ፣ መጠኑን ልጁ ይወስናሉ። ከለመደው ገንፎ ጎን ጥቂት የተቀቀለ ካሮት ወይም እንቁላል ይቀርብለታል፤ በቅድሚያ ያየዋል፣ ይነካዋል፣ ያሸትተዋል፣ ይልሰዋል፣ በመጨረሻም ይቀምሰዋል። ይህ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መደጋገም ሊያስፈልገው ስለሚችል፣ እናት ከ2 ወይም ከ3 ሙከራ በኋላ ተስፋ እንዳትቆርጥ ማስረዳት ያስፈልጋል። በመካከሉ ሻይና ጣፋጭ ብስኩት ማስቀረት፣ ክብደቱንም በየቀጠሮው መመዘን ተገቢ ነው።