ጠያቂ ያጡ አረጋውያንና የጓደኝነት አገልግሎት

ብቸኝነትና ብቻ መኖር አንድ አይደሉም፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ጠያቂና አጫዋች ካለው ብቸኝነት ላይሰማው ሲችል፣ በልጆቹ ቤት የተጠጋ አዛውንት ግን የሚያናግረው አጥቶ ሊውል ይችላል። ባለሙያዎች ማኅበራዊ መገለል የሚሉት፣ ማለትም ከሰው ጋር ያለ ግንኙነት መመናመን፣ የትዳር ጓደኛ በሞት ሲለይ፣ ጉልበት ሲደክም፣ ጆሮና ዐይን ሲዳከሙ የሚብስ ሲሆን፣ ከልብ ሕመምና ከመርሳት በሽታ ጋር እንደሚያያዝ በጥናት ታውቋል።

በብሪታንያ የተስፋፋው መፍትሔ የጓደኝነት አገልግሎት ነው፤ ይኸውም ማንነቱ ተጣርቶ ሥልጠና የወሰደ አንድ በጎ ፈቃደኛ ከአንድ አረጋዊ ጋር ተጣምሮ፣ በየሳምንቱ በታወቀ ቀን ቤታቸው ሄዶ እንዲያጫውታቸው ወይም እንዲደውልላቸው የሚያደርግ አሠራር ነው። የቴሌቪዥን ጋዜጠኛዋ ኤስተር ራንትዘን በ2013 እ.ኤ.አ. ያስጀመሩት «ሲልቨር ላይን» ደግሞ አረጋውያን ቀንም ሆነ ሌሊት ያለ ክፍያ እንዲደውሉበት የተቋቋመ የስልክ መስመር ሲሆን፣ መንግሥትም በ2018 የብቸኝነትን ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስትር ሰይሟል። የጓደኝነት አገልግሎቱ ፍሬ ግን ከሁሉም በላይ በቋሚነቱ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሁለት ጊዜ መጥቶ የሚጠፋ ጠያቂ፣ በር በሩን የሚያዩትን አረጋዊ ከቀድሞው የባሰ ያሳዝናቸዋል።

በኢትዮጵያ ዕድር፣ ድንኳን ተክሎ ሐዘንተኛን የሚያጽናና አደረጃጀት በየሰፈሩ ስላለው፣ ይህንኑ ጥየቃ በሕይወት ላሉ አረጋውያን አባላቱም በተራ ቢያደርገው አዲስ ድርጅት ማቋቋም ላያስፈልግ ይችላል። የዕድር ዳኞች በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ጠያቂ ያጡትን አረጋውያን አባላት ስም መዝግበው ጠያቂ ይመድቡላቸው።