የብርሃን ሕክምናና የቆዳ መድኃኒት

ባለፈው ኅዳር ወር፥ የሐሙሲት ገበያ በቆመበት በአንድ ሐሙስ ቀን፥ አንዲት እናት የ18 ዓመት ልጃቸውን አስከትለው ወደ እኛ ዘንድ መጡ። ልጅቱ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ ነበር። በገለጠችው ጊዜ በግራ ጕንጯ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው፥ በጣቶቿም ጫፍ አነስ አነስ ያለ እንደ ወተት የነጣ ምልክት አየን። እናቲቱም፥ «ጌታዬ፥ ጎረቤቱ ሁሉ ቁምጥና ነው እያለ ይሸሻታል፤ ያጯትም ሰዎች ድምፃቸውን አጥፍተዋል። በውጭ አገር በመብራት ያድናሉ ሲባል ሰማን። ያለን አንድ ጥማድ በሬ ነው፤ እሱን ሸጠን አዲስ አበባ እንውሰዳት?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው የእኚህ እናት ብቻ ስላልሆነ መልሱን ለአንባቢዎቻችን ሁሉ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን።

ከመድኃኒት ምርጫ አስቀድሞ በሽታውን ለይቶ ማወቅ ይገባል። ስለሆነም ልጅቱ ዓይኗን ጨፍና ሳለች በጥጥ ጫፍ ነጩን ሥፍራ በቀስታ ነካነው፤ በነካናት ቍጥርም ሥፍራውን ሳትስት አመለከተች። በክርኗና በእግሯ ያሉትን ነርቮች ብንዳስስም አላበጡም። ሕመሟ ለምጽ እንጂ የሥጋ ደዌ አልነበረም። «ለምጽ» የሚለው ስም በመጻሕፍት ንባብ ለሥጋ ደዌም ስለሚነገር ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃቸዋል። ለምጽ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሕዋሳት ሲጠፉ የሚመጣ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አይገድልምም። የሥጋ ደዌ ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 የኖርዌዩ ሐኪም አርማወር ሃንሰን ያገኘው ተሐዋስ የሚያመጣው በሽታ ነው። ምልክቱ ፈዘዝ ወይም ቀላ ይላል እንጂ እንደ ወተት አይነጣም፤ ብዙ ጊዜም በሥፍራው ላይ የመዳሰስ ስሜት ይጠፋል። እርሱም ቢሆን እንደ ዓይነቱ ለ6 ወይም ለ12 ወራት በሚዋጥ ኪኒን በነፃ ይድናል።

አሁን ወደ ብርሃን ሕክምና እንመለስ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የዴንማርኩ ሐኪም ኒልስ ፊንሰን ፊትን የሚበላውን የቆዳ ቲቢ በመብራት ጨረር በማከሙ በ1903 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ነገር ግን ከ1940ዎቹ ወዲህ የቲቢን ተሐዋስ የሚገድሉ መርፌዎችና ኪኒኖች ሲገኙ፥ ለዚያ በሽታ የነበረው መብራት ቀስ በቀስ ቦታውን ለቀቀ። ስለ ለምጽ የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ዓባይ ከጣናችን ወጥቶ በሚደርስባት በግብፅ አገር፥ ሰዎች የአንድ የዱር ተክል ፍሬ ወስደው ፀሐይ በመሞቅ ለምጽን ያክሙ ነበር። በ1940ዎቹ ዓመታት የካይሮው ሐኪም አል ሞፍቲ ከፍሬው ተለይቶ የወጣውን ንጥረ ነገር ከብርሃን ጋር በሕመምተኞች ላይ ሞከሩት። ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራበት ግን ያለ ተክሉ መድኃኒት፥ የሞገዱ ርዝመት 311 ናኖሜትር ገደማ የሆነ፥ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው።

እኛ በባሕር ማዶ ስንማር ይህን ሕክምና በዓይናችን አይተነዋል። ሕመምተኛው ዓይኑን በጥቁር መነጽር ሸፍኖ፥ ዙሪያውን አምፖል በተደረደረበት ሣጥን ውስጥ ይቆማል። የመጀመሪያው ቀን ጨረር ጥቂት ነው፤ ከዚያም በልክ እየተጨመረ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፥ ለብዙ ወራት ይቀጥላል። ለምጹ በሰውነት ላይ በሰፊው ለተሠራጨበት ሰው፥ ቆዳን እያቀላ ቅርፊት ለሚያስነሣው ሶሪያሲስ ለተባለው ሕመም፥ ለአንዳንድ ጽኑ ችፌም ብርቱ ረዳት ነው።

ቅባቱስ? ለምጹ በጥቂት ሥፍራ ብቻ ሲሆን ሐኪም የሚያዘው የስቴሮይድ ቅባት ወይም ሌላ ተስማሚ ቅባት ይቀድማል። በቤት ይቀባል፤ ዋጋውም ከበሬ ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። ሆኖም ስቴሮይድ ያለ ልክ ከተቀባ ቆዳን ያሳሳል፤ ስለዚህ ከገበያ ገዝቶ በራስ ፈቃድ መቀባት አይገባም። ሁለቱም ትዕግሥት ይጠይቃሉ፤ ሁለቱም ፊት ላይ ሲሻሉ በጣት ጫፍ ላይ ይዘገያሉ። ምክንያቱም ቀለም ሰጪዎቹ ሕዋሳት የሚመለሱት በብዛት ከጠጕር ሥር ነው፤ የጣት ጫፍ ደግሞ ጠጕር የለውም።

«እንግዲያስ ያለ ዋጋ የምናገኘው የደጋው ፀሐይ ለምን አይበቃም?» የሚሉ አሉ። መብራቱ ይለካል፤ ፀሐይ ግን አትለካም። ከፍታ በጨመረ መጠን አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚበረታ፥ የደብረ ታቦርና የጉና ሰው ከቆላው ይልቅ ይጋለጣል። ቀለም ያጣ ቆዳ ፈጥኖ ይቃጠላል። ከልደታቸው ጀምሮ ቀለም ለሌላቸው ወገኖቻችንማ ፀሐይ የቆዳ ካንሰር ታመጣለችና ባርኔጣ፥ እጀ ረጅም ልብስና ጥላ መድኃኒታቸው ነው።

በአገራችን ለሚበዙት ሌሎች የቆዳ በሽታዎች ደግሞ መብራት መፈለግ ጊዜን ማባከን ነው። በ2008 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) በድርቁ ጊዜ በክልላችን እከክ በተዛመተ ጊዜ የተፈለገው ቅባትና ኪኒን ነበር፤ እርሱም የሚረዳው ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ሲታከምና ልብሱ በፈላ ውኃ ሲታጠብ ነው። ጭርት በፈንገስ ማጥፊያ ቅባት ይድናል። ሽኮኮ ካለበት ገደል አካባቢ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ቁንጭር በመርፌ ወይም በማቀዝቀዝ ይታከማል፤ በጋለ ብረት መተኮስ ግን ጠባሳን ያብሳል።

ለእናቲቱ፥ «በሬዎን አይሽጡ፤ አስቀድሞ ቅባቱ ይሞከር» አልናቸው። ልጅቱ በደብረ ታቦር ሆስፒታል ታይታ ቅባት ታዘዘላት። በግንቦት ስትመለስ በጕንጯ ነጭ ሥፍራ መካከል የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ጥቁር ነጠብጣቦች ወጥተው ነበር፤ የጣቶቿ ጫፍ ግን እንደ ነበረ ነው፤ ይህንንም አስቀድመን ነግረናት ነበር። ለምጹ ወደ ሌላ አካል ቢሠራጭ የመብራቱን ነገር ያን ጊዜ እንመክራለን። ነጠላዋን በትከሻዋ ላይ ጥላ ነበር የመጣችው።

እንግዲህ፥ የተከበራችሁ አንባብያን፥ በቆዳችሁ ላይ አዲስ ምልክት ባያችሁ ጊዜ ሳትደብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ቅረቡ፤ የጎረቤታችሁን ምልክት ባያችሁ ጊዜም ስም ከማውጣት ተቈጠቡ። በሽታውን ለይቶ መንገር የመርማሪው ድርሻ ነው፤ ታማሚውን አለመሸሽ ግን የሁላችንም ነው።