የጽሕፈት መኪና አይደለም
ከሱዳኑ ጦርነት በፊት ነው። ካርቱም፣ ሱቅ አልአረቢ፣ ከአንድ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ደጃፍ አቧራ ለብሶ ቆሞ አገኘሁት። «ያ ሐጅ፣ ይህ ምንድን ነው?» አልኳቸው ባለሱቁን። «አላ ካቲባ» አሉኝ፤ የጽሕፈት መኪና ማለታቸው ነው።

ዴክራይተር ኤልኤ36 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው የኮምፒውተር ተርሚናል። ስክሪን የለውም፤ ኮምፒውተሩ የሚለው ሁሉ ወረቀት ላይ ይወጣል። በሰከንድ 30 ፊደል ይጽፋል፣ ወደኋላ ከቀረ ግን በ60 ፍጥነት እየሮጠ ይደርሳል። የዘሩ ታላቅ፣ በሽቦ የመጣን መልእክት የሚያትመው ቴሌፕሪንተር ነው። የእኛን ፊደል ለቴሌፕሪንተር ያበቁት ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ ናቸው፤ የቴሌፕሪንተሩ ኮድ ያሉት ጥምረቶች 32 ብቻ፣ ፊደላችን ደግሞ ከ200 በላይ መሆኑን ያሰበ ድካማቸውን ይገምታል።

ወደ ሐጁ ስሕተት ልመለስ፤ ብዙ የተማረ ሰውም ይሳሳተዋልና። የጽሕፈት መኪና ላይ ቁልፉን ስትመቱ ብረቱ ተነሥቶ ወረቀቱን ይመታል። እዚህ ግን ቁልፎቹና ማተሚያው አንድ ግቢ የሚኖሩ የተኳረፉ ጎረቤቶች ናቸው። የተጫናችኋት ፊደል በሽቦ ወደ ኮምፒውተሩ ትሄዳለች፤ እሱ ተቀብሎ መልሶ ይልካታል፤ የማተሚያው ሰባት መርፌዎች ሪባኑን ወግተው የሚጽፏት ያን ጊዜ ነው። ወረቀቱ ላይ የምታዩት የጻፋችሁትን ሳይሆን ኮምፒውተሩ የሰማውን ነው። መስመሩ ፊደሏን ካበላሻት ተበላሽታ ትመጣለች። ኮምፒውተሩ ሥራ ከበዛበት ትዘገያለች፤ ይህን ጊዜ ቁልፉን በጡጫ የሚደበድብ ሰው አይጠፋም። ቁልፉ ምን አጠፋ?

የይለፍ ቃል ሲጠየቅስ? ኮምፒውተሩ ተቀብሎ ዝም ይላል፤ ወረቀቱም ነጭ ይቀራል። ዛሬም ብዙ ጊዜ ሊኑክስ ተርሚናል ላይ የይለፍ ቃል ስትጽፉ ምንም የማይታየው ይኸው ልማድ ስለቀጠለ ነው። ጀማሪ ልጆች «ኪቦርዱ ተበላሸ» ይላሉ።

ይህን ሁሉ በተሰባበረ ዐረብኛዬ ለሐጁ አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ገመዱን ሰክተው፣ ከመስመር ነጥሎ ለብቻው የሚያሠራውን ማብሪያ ወደ «ሎካል» ገፉና በአንድ ጣታቸው ቁልፎቹን መቱ። ማተሚያው ማንንም ሳይጠይቅ ጠረረረ እያለ ጻፈ።

«አላ ካቲባ» አሉኝ፣ ሻያቸውን እያነሡ።