ያውቁ ኖሯል? የስካይዶግ ሣጥን

• አሜሪካዊው የሮክ ጊታሪስት ዱዌን ኦልማን በ1971 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) በሞተር ሳይክል አደጋ ሲሞት ዕድሜው 24 ብቻ ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ የቀረጸው ግን 7 ሲዲ ሞልቷል፤ 129 ሙዚቃ! ራውንደር ሪከርድስ በ2013 በአንድ ሣጥን ሲያወጣው «ስካይዶግ» አለው። ስካይዶግ የዱዌን ቅጽል ስም ነው።

• ሥራውን ከፕሮዲውሰሩ ቢል ሌቨንሰን ጋር ያሰናዳችው የዱዌን ልጅ ጋላድሪየል ናት። አባቷ ሲሞት ገና ሁለት ዓመቷ ነበር።

• የዱዌንን ባንድ ኦልማን ብራዘርስን ብቻ ጠብቆ ሣጥኑን የሚከፍት ሰው ግራ ይገባዋል። ዊልሰን ፒኬት አለ፣ አሬታ ፍራንክሊን አለች፣ ኪንግ ከርቲስም አለ። ዱዌን ባንዱ ከመመሥረቱ በፊት አላባማ፣ መስል ሾልስ በሚገኘው ፌም ስቱዲዮ ለሌሎች እያጀበ እንጀራውን ይበላ ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ የሣጥኑ ጣዕም ያለው እዚያ ነው።

• ፒኬት በ1968 የቢትልስን «ሄይ ጁድ» ሲዘፍን መጨረሻው ላይ ጊታሩን የሚያስጮኸው ዱዌን ነው። ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን መኪና እየነዳ በሬዲዮ ሰማው፤ ዳር ይዞ ቆመና «ይሄ ማነው?» ብሎ ማጠያየቅ ጀመረ። በ1970 ሁለቱ ማያሚ ውስጥ «ሌይላ» የተባለውን አልበም አብረው ቀረጹ።

• የዱዌን የሚያለቃቅስ የጊታር ድምፅ ከጉንፋን መድኃኒት ጠርሙስ የመጣ ነው! ዱዌን ከፈረስ ወድቆ ክርኑን ተጎድቷል፣ ጉንፋንም ይዞታል፣ በወንድሙ በግሬግ ላይም ተቀይሟል። ግሬግ ለልደቱ የሙዚቀኛውን የታጅ ማሃልን ሸክላና ኮሪሲዲን የተባለውን የጉንፋን መድኃኒት አንድ ጠርሙስ ደጃፉ ላይ አስቀምጦ እግሬ አውጪኝ አለ። ዱዌን ክኒኑን ደፋ፣ ወረቀቱን አጥቦ አነሳ፣ ባዶውን ጠርሙስ ቀለበት ጣቱ ላይ አጥልቆ በክሮቹ ላይ ያንሸራትት ጀመር።

• «አት ፊልሞር ኢስት» የተባለው የባንዱ የመድረክ አልበም የወርቅ ሽያጭ ደረጃ ያገኘው ዱዌን ሊሞት አራት ቀን ሲቀረው ነው።

• ዱዌን «ሌይላ»ን የተጫወተበትን የ1957 ጊብሰን ሌስ ፖል በዚያው በ1970 በሌላ ጊታር ለወጠው፤ 200 ዶላርና አንድ አምፕሊፋየርም መረቀበት። የክሮቹን ድምፅ የሚቀበሉትን ፒክአፖች ግን አልሰጠም፤ ፈትቶ አዲሱ ላይ ገጠማቸው። ምራቂ የተጨመረበት ያ ጊታር በ2019 ጨረታ ላይ 1.25 ሚሊዮን ዶላር አወጣ።